የአቤል ዕድሜ

በዌልስ ባሕር ዳር፣ ዝናብ በማያባራበት፣
ጣሪያው ጥቁር ድንጋይ፣ ግድግዳው ኖራ የተቀባ ቤት፣
ቄስ ኢቴል በሞራ ሻማ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ፣
የዓለምን ልደት ይፈልጋል፣ በአባቶች ስም ተመልሶ።

አዳም መቶ ሠላሳ ሲሞላው ወለደ፤
ሴትም መቶ አምስት፤ ቆጠራው ወረደ።
ሄኖስ ዘጠና፣ ቃይናን ሰባ፤
ሻማው እየከሳ፣ ድምሩ እየሰባ፣
አባት በልጅ ይቀጠላል፣ ልጅም በልጅ ልጅ፣
እንደ ገመድ ተገምዶ እስከ ኤደን ደጅ።
ማቱሳላ ላይ ሲደርስ አስነጠሰው፤ አንዲት ጠብታ
ገጹ ላይ አረፈች፣ ስምንቱን አጥፍታ።
እንደገና ከአዳም ጀመረ።

ከጎረቤት ደብር የተዋሰው የግሪኩ ቅጂ
«መቶ ሠላሳ የለም» ይላል፤ «ሁለት መቶ ሠላሳ እንጂ»።
መቶ ዓመት ጎደለው! መቶ ክረምት፣ መቶ አዝመራ፣
በሁለት ቋንቋ ስፌት ሾልኮ የቀረ ኪሳራ።
በግ የጠፋበት ሰው ተራራ ይወጣል፤
ዘመን የጠፋበት ከየት ያመጣል?

ኔስታ ከምድጃው ጥግ ሱፍ ትፈትላለች፣
የባሏን ማጉረምረም ቃል በቃል ታውቃለች።
«ወለደ፣ ወለደ፣ ወለደ» ሲል ሰምታ፣
አንድ ምሽት ጠየቀችው፣ እንዝርቷን ገትታ፦
«ይህን ሁሉ ወንድ ማን አማጠው?»
ኢቴል ዝም አለ፤ ጣቱ መስመሩ ላይ ነው።
(በእኛ ቋንቋ ቢሆን፣ «ሴትማ አለ» ባልኳት፤
ሁለተኛው ስም ሴት ነው፤ እሱም ግን አባት።)

በጥር የተወለደው፣ ሪሪድ ያሉት ልጅ
ዘጠኝ ቀን ነው የኖረው። የአውራ ጣቷን የምታህል እጅ።
አባቱ በደብሩ መዝገብ፣ በራሱ ብዕር ጽፎ፣
«ተጠመቀ፣ ተቀበረ» ብሎ፣ በአንድ መስመር አሰልፎ፣
አሸዋ ነሰነሰበት፣ ቀለሙ እንዲደርቅ።
ስለዚያ መስመር ግን ሁለቱም አይናገሩም።

እናም ኔስታ እንደገና፦
«አቤል ስንት ዓመቱ ነበር?»

ላባው ቆመ። ዘፍጥረትን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ፤
በጉ አለ፣ ደሙ አለ፤ ቁጥር ግን አልተሰጠ።
ያልወለደ አይደመርም፤ ሕጉ ይህ ነው ለካ፤
ምድር ደሙን ጠጣች፣ ዕድሜውን ሳትለካ።

ለመቃብሩ የሚሆን ድንጋይ ማዶክ ጠርቦ አመጣ፤
መሀሉ ላይ ተጠቅልላለች አንዲት የባሕር ቀንድ አውጣ።
«ከየት ነው?» «ከተራራው፣ ከባሕር የግማሽ ቀን መንገድ።»
«እንግዲያ የጥፋት ውሃ ነው ያመጣው ያንን ጉድ።»
ማዶክ ቆቡን አውልቆ፣ አቧራውን አራግፎ፣
«ይሁን ጌታዬ፤ ግን ከሥሩ ሌላ አለ፣ እንደ ብርድ ልብስ ታጥፎ፤
ከሌላውም ሥር ሌላ። አርባ ዓመት ፈለጥሁ፣
የመጨረሻውን ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ዛሬም አልነካሁ።»
ቄሱ ሁለት ሽልንግ ከፈለው።
ያን ማታ ሻማ አልለኮሰም።

በጾሙ መግቢያ ሥራው አለቀ፤ ለጳጳሱ ተላከ፦
«ዓለም ከተፈጠረች
አምስት ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ አራት ዓመት
ከዘጠኝ ቀን» ይላል፣ እጁ ትንሽ ተንቀጥቅጦበት።

የጳጳሱ ጸሐፊ ቁጥር የማያመልጠው ሰው ነው፤
ሦስት ጊዜ ደመረ። ዓመቱ ልክ ነው።
ዘጠኙ ቀን ከየት መጣ?
ከአዳም እስከ ዛሬ ፈትሾ ምንጩን አጣ።
በቀይ ቀለም ሰረዘው፤ በኅዳጉ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«የድምር ስህተት፤ ትርፉ ይቀነስ» ይላል።